ከቀብሩ በኋላ የተዳረው ፖስተኛ

ስንቱ ሰው ወዳጁን ድሯል፤ ስንቱ ወዳጁን ቀብሯል። መጀመሪያ ቀብሮ ከዚያ የዳረ ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ያውም በሥርዓቱ፣ ጎረቤት ሰብስቤ፣ እልል አሰኝቼ። "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ የገባን ሰሞን ነው። ሃዳር ጋኒም በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ቤት ተሰጥቶን እኔና ባለቤቴ ያልጋነሽ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተሰቅለናል። ጎንደር ሳለሁ መምህር ነበርኩ። እዚህ እስከ ቀትር ኪርያት ማታሎን ካለ ፋብሪካ የካርቶን ሳጥን ሳጥፍ እውላለሁ፤ ከዚያ ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ እማራለሁ። መምህር የነበረ ሰው ተማሪ ሲሆን ከባድ ነው። እጁን አውጥቶ መጠየቅ ሲገባው ጎኑ የተቀመጠውን "ዝም በል፣ አንተ!" ማለት ይቃጣዋል። እኔ ብዙ ጊዜ ተቃጥቶኝ አንድ ቀን አምልጦኛል። አስተማሪዋ ጨዋ ልጅ ስለሆነች ይቅርታ አደረገችልኝ።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ዘልማን የሚባሉ ሽማግሌ ለብቻቸው ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ከፖላንድ በመርከብ የመጡ ናቸው። ሥራቸው ሥዕል ነበር፤ ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ዓይነት አይደለም። የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አንዱን ገጽ በትናንሽ ሳጥኖች ይከፍሉና በየሳጥኑ ሰው ይሥላሉ፤ ሰውየው የሚናገረውን ከአፉ አጠገብ ጽፈው በዙሪያው ክብ ያሰምሩበታል። ኮሚክስ ይሉታል። ስማቸውን ያስጠራው ፖስተኛው ጻዶቅ የተባለ የሥዕል ሰው ነው። ጻዶቅ አፍንጫው ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ረጅም ሰው ሲሆን በአህያ እየሄደ ለአዳዲስ መንደሮች ደብዳቤ ያድላል። ከሁለቱ አስተዋይዋ አህያዋ ናት።

አንድ ቀን ዘልማን ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት የሥራቸውን ኤግዚቢሽን ሊያሳይላቸው ፈቅዷል። አንድ ነገር ግን ጠይቋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሳተሙት ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ በታተመበት ቀን ቅደም ተከተል ተመዝግቦ ይቅረብ ተብሏል።

"ዓይኔ እየሄደ ነው" አሉኝ። "ከመሄዱ በፊት ሥራዬን በሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰልፎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምኞት የለኝም። አንተ መምህር ነበርክ አሉ። መዝግብልኝ፤ እኔም ዕብራይስጥህን አቀናልሃለሁ።"

"መምህር" የሚለውን ቃል ከሰማሁ ቆይቼ ስለነበር ያን ሰዓት ገደል ግባ ቢሉኝም እገባ ነበር። "በሰደር" አልኩ። ዕብራይስጥ ካልቻላችሁ በሰደር በሉ፤ እሺ ማለት ነው፤ መከራውም የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ከሥራና ከኡልፓን መልስ ማታ ማታ ዘልማን ቤት እወርድ ጀመር። መጀመሪያ ያስቸገረን መጠራራቱ ነበር። በዕብራይስጥ ለንጉሥም ለውሻም "አንተ" ነው። ፀጉሩ የነጣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጬ "አንተ" ከምል ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። ስለዚህ "እናንተ" እላቸዋለሁ። እንዲህ ባልኳቸው ቁጥር ዘልማን ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንደገባ ያያሉ። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ የገባ ሰው እንደሌለ ለማረጋገጥ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ኋላ ላይ ለመዱት፤ እንዲያውም "እኛ ሻይ እንጠጣለን" ማለት ጀመሩ።

ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሔት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንዲት ካርድ እጽፋለሁ፤ የታተመበትን ቀን፣ የወጣበትን መጽሔት፣ የታሪኩን ርእስ። ካርዱን ከፋብሪካው ባመጣሁት የተጣመመ ሳጥን ውስጥ እደረድራለሁ። ቀላል ይመስላል። ግን "ያሳተሙት ሁሉ" ሲባል የት ላይ ያበቃል? ዘልማን ለብርቱካን መጠቅለያ ወረቀት ባርኔጣ ያደረገች ብርቱካን ሥለዋል። እሷም ገባች። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ የሣሏት ድመት ነበረች። እሷም ገባች። አህያዋ መንገድ ለመሻገር ግራ ቀኝ የምታይበት የትራፊክ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱን ከእኔ ፋብሪካ አጥር ላይ ፀሐይ የበላውን ቅጂ ገንጥዬ አመጣሁ። ዘበኛው ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ "ቅደም ተከተል ነው" አልኩት፤ እሱም ትልቅ ነገር መስሎት አሳለፈኝ።

ቀን የሌላቸው ሥራዎች ደግሞ አሉ። "ይሄ መቼ ነው?" እላቸዋለሁ። "ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ" ይላሉ። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም። እኛ አገርም ሰው መቼ እንደተወለደ ሲጠየቅ "አንበጣው የመጣ ጊዜ" ይላል። በካርዱ ላይ "የጥርስ ሕመም ዘመን" ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ ዘመን ብዙ ሥራ ወጥቷል፤ ሰውየው ሲያማቸው ጎበዝ ናቸው።

የመጨረሻው ዓመት መጽሔቶች በገመድ ታስረው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። እነሱን ላወርድ ስል ዘልማን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ያንን ቤትህ ወስደህ ለብቻህ ሥራው" አሉ። "ስለሱ አትጠይቀኝ። እንዳታነብልኝም።"

ደክሟቸው ነው ብዬ ወሰድኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። በየመጽሔቱ ራስ ላይ ሁለት ዓይነት ቀን አለ። አንደኛው በዕብራይስጥ ፊደል ስለተጻፈ አላነበውም። ሌላው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በቁጥር የሚያሳይ ነው፤ ቁጥር ደግሞ የትም አገር ቁጥር ነው ብዬ እሱን ያዝኩ። ቀጥሎ ራሴን ጠየቅሁ፤ ዓመት የሚጀምረው በስንተኛው ወር ነው? ፈረንጅ በጥር እንደሚጀምር ጎንደር ሳለሁም አውቃለሁ። እነዚህ ግን ፈረንጅ አይደሉም፤ እንደ እኛው አይሁድ ናቸው። እኛ ብርሃን ሠረቀ ብለን በምናከብርበት ወቅት እነሱም ዓመት ተለወጠ ብለው ፖም በማር እየነከሩ ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አብሬም በልቻለሁ። የበላሁትን እንዴት እክዳለሁ? ስለዚህ ዘጠነኛው ወር መስከረም የዓመቱ ራስ ነው፤ ስምንተኛው ጅራቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። በያንዳንዱ ዓመት ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ከፊት፣ ከአንድ እስከ ስምንት ያለውን ከኋላ አድርጌ ደረደርኩ። አምሮልኝ ነበር። ያልጋነሽንም ጠርቼ አሳየኋት። "ፍልፈል የቆፈረው መሬት ይመስላል" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በፊተኞቹ ዓመታት የጻዶቅ ታሪኮች አጫጭር ስለነበሩ ቢዘበራረቁም ማንም አያውቅም። የመጨረሻው ዓመት ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ ነው። በእኔ አደራደር እንዲህ ይሄዳል። በመስከረም ጻዶቅ ቦርሳውን አንግቦ ሩቅ መንገድ ይወጣል፤ አንዲት ሴት በመስኮት እጇን ታወዛውዝለታለች። እህቱ ትሆናለች አልኩ። በታኅሣሥ ጎርፍ ይወስደዋል። አህያዋ ብቻዋን ትመለሳለች፤ መንደርተኛው ይቀብረዋል። ከዚያ በጥር ጻዶቅ ድንገት አንድ መንደር ብቅ ይልና ምንም እንዳልሆነ ሰው ደብዳቤ ያድላል። በመንደሩ ያለችውን አስተማሪት ይወዳታል። በነሐሴ ያገባታል፤ አህያዋ አበባ ታደርጋለች። ተፈጸመ።

"የሞተ ሰው ሲመጣ አልገረመህም?" ትሉኝ ይሆናል። አልገረመኝም። እኛ ሕንፃ ውስጥ ይሄ የሰርክ ነገር ነው። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ይታይሽ ወንድማቸው ሱዳን በረሃ ላይ ቀረ ተብሎ ተረድተው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ሰባቱን ቀን ለልቅሶ ተቀምጠው ካበቁ በኋላ ሰውየው አሽቀሎን ከተማ ጥርሱን ሲያስነቅል ተገኝቷል። በዚያ ዘመን የተቀበረ ሰው መምጣቱን ሳይሆን በምን አውቶቡስ እንደመጣ ነበር የምንጠይቀው።

ጥፋቱን ለራሴ ብይዘው ኖሮ መልካም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ሞኝም ሆኜ ወረቀትም ይዤ መልቀቅ ጀመርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ሁሉ ሕንፃው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔም የሳምንቱን የጻዶቅ ታሪክ አወራላቸው ጀመር። ጻዶቅን ጎርፍ የወሰደው ዕለት እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ። በሳምንቱ "መጥቷል" ስላቸው ደረታቸውን መቱ።

"አላልኋችሁም?" አሉ። "አስከሬኑን ማን አየ? አህያ ብቻዋን መጣች ተብሎ ሰው ይቀበራል?"

"ማን አረዳ እንግዲህ?" አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት አያ ተገኘ። አያ ተገኘ አገር ቤት ሽማግሌ የነበሩ፣ እዚህም ነገር ሳይዙ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። "ሳያጣራ የሚያረዳ ሰው መቀጣት አለበት።"

ጻዶቅ ያገባ ቅዳሜ እልልታው ሻአሪያ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። አያ ተገኘ ቆመው መረቁ። እማማ ይታይሽ በማግስቱ ትልቅ ዳቦ ጋግረው "ይሄን ለአባቱ ስጥልኝ" አሉኝ። አባቱ የሚሏቸው ዘልማንን ነው፤ የሣለ ወለደ ነው በእሳቸው ቤት። ዘልማን ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው "የምን በዓል ነው?" ሲሉኝ "የእኛ በዓል ነው" ብዬ አመለጥኩ። ስለ መጨረሻው ዓመት አትጠይቀኝ ብለውኝ የለ?

ካርዶቹን ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አስረከብኩ። ኦርና ትባላለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ የምትፈልግ ወጣት ናት። በሳምንቱ አስጠራችኝ።

"በጣም ቆንጆ ሥራ ነው" አለች። "ግን እዚህ ሰውየው ከተቀበረ በኋላ ያገባል።"

"አዎ" አልኩ ኮራ ብዬ።

"እንዴት?"

የእማማ ይታይሽን ወንድም ነገርኳት። የአሽቀሎኑን የጥርስ ሐኪም ሳይቀር። ኦርና እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና ከጠረጴዛዋ ላይ የቀን መቁጠሪያ አንሥታ ፊቴ ዘረጋች። በቁጥር የሚጻፈው ዓመት ለአይሁድም ለፈረንጅም ያው ነው፤ ከአንደኛው ወር ይጀምራል። የፖምና የማሩ ዓመት ሌላ ነው፤ እሱ ያ የማላነበው የፊደሉ ቀን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥር፣ ከዚያ ሠርጉ፣ ከዚያ መስከረም፣ መጨረሻ ላይ ታኅሣሥ። በመስኮት እጇን ያወዛወዘችው እህቱ አልነበረችም፤ ሚስቱ ናት። ጻዶቅ አግብቶ ሞቷል። ደግሞም አልተመለሰም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሃያ ምናምን ዓመት ካርድ አገላብጬ እንደገና ደረደርኩ። ያ እንኳ ቀላል ነው። ከባዱ ቅዳሜ ነው። አግዳሚው ላይ ያሉትን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ?

"ወረቀት ነው፤ ተሳስቼ ነው ብለህ ንገራቸው" አለች ያልጋነሽ።

"እማማ ይታይሽ ዳቦ ጋግረውለታል እኮ!"

ያልጋነሽ ሥራዋን አቁማ አየችኝ። "እንግዲያውስ መርዶ ነው" አለች። "መርዶ ደግሞ በአግዳሚ ወንበር ላይ አይነገርም።"

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ገበያ ወሬ ጣል አይደረግም። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ማለዳ ይኬዳል፤ ሰውየው ተዘጋጅቶ፣ ሰው በዙሪያው ሆኖ ይነገረዋል። አያ ተገኘን ለብቻቸው ጠርቼ አማከርኳቸው። "የመጀመሪያውን ቀብር ማን አወራ?" አሉኝ። "እኔ።" "የሠርጉንስ?" "እኔ።" "እንግዲህ መርዶ ነጋሪውም አንተ ነህ፤ ቅጣትህ ይኸው ነው" አሉና ቢሆንም አብረውኝ መጡ። እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ማለዳ፣ ፋብሪካ ሳልሄድ፣ የእማማ ይታይሽን በር አንኳኳን። እኔንና አያ ተገኘን በዚያ ሰዓት አንድ ላይ ሲያዩ እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ወጣ።

"ወንድሜ ነው?" አሉ።

"ኧረ ደኅና ነው! ጻዶቅ ነው" አልኩ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ሰማሁት። እኔም አፈርኩ፤ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ተቀምጠን ነገሩን ስነግራቸው ግን አላመኑም። "ያኔም ሞተ ብለኸን መጣ፤ ቆይ ይመጣል" አሉ። የቀን መቁጠሪያውን አውጥቼ ወር በወር አስረዳኋቸው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

"አባቱ አውቋል?"

"እማማ፣ እሳቸው እኮ ናቸው የገደሉት። የሣሉት እሳቸው ናቸው።"

"አባት ልጁን በዳረ በወራቱ?" አሉ እማማ ይታይሽ። "አይሆንም። አንድ ነገር አግኝቷቸው ነው። ልቅሶ ሳንደርስ እስከ ዛሬ ዳቦ እያስበላናቸው! ተነሡ እንሂድ።"

ዘልማን "አትጠይቀኝ" ያሉኝን ነገር ይዤ፣ ሁለት አዛውንት አስከትዬ፣ ያልጋነሽ ደግሞ ሰምታ የምስር ወጥ ይዛ ከኋላ እየመጣች ደረጃውን ወጣን። ዘልማን በፒጃማ በሩን ከፈቱ። እማማ ይታይሽ እጃቸውን ይዘው በአማርኛ "እግዚአብሔር ያጽናዎ" አሏቸውና ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አያ ተገኘም ተቀመጡ። ዘልማን "ምን ሆናችሁ?" ሲሉ እኔን ነው ያዩት።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መስከረሙን፣ ሠርጉን፣ ዳቦውን። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ያንን የመጨረሻ ዓመት ከሰማይ የወረደ ነገር ያህል ፈርተውት የኖሩ ሰው በፒጃማ ቆመው ያዳምጡኛል።

እማማ ይታይሽ እጄን ጎተት አደረጉኝ። "ምን ነበር ሕመሙ ብለህ ጠይቅልኝ።" ልቅሶ ቤት የገባ ሰው የሚጠይቀው ነው፤ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ተርጉሜ ጠየቅሁ። ዘልማን ወንበራቸውን ያዙ።

"ሳንባው ነው" አሉ። "ስሙ ጻዶቅ አይደለም፤ አፍንጫው ግን የእሱ ነው። ጓደኛዬ ነበር፤ በአንድ መርከብ መጣን። እውነተኛ ፖስተኛ ነበር። ያን መስከረም ሆስፒታል ተኛ፤ በታኅሣሥ ሞተ። በሕጋችን ለሟች ልቅሶ የሚቀመጠው ወንድም ነው፣ ልጅ ነው፣ አባት ነው። ለጓደኛ መቀመጥ የለም። መጽሔቱ ደግሞ ገጽ ይፈልጋል። ያንን ፊት መሣል አቃተኝ። ጎርፍ ሣልኩ።"

ለአገሬ ሰዎች በአማርኛ መለስኩላቸው። አያ ተገኘ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ስንት ልጅ ደብዳቤ ጻፈልኝ" አሉ ዘልማን። "የመጽሔቱ አዘጋጅ፣ ባለ ሱቁ፣ የገዛ ሴት ልጄ። ሁሉም ለምን ገደልከው አሉኝ። ምን ሆኖ ሞተ ያለኝ ሰው የለም።"

"ማን ተቀመጠልዎ ታዲያ?" አሉ እማማ ይታይሽ።

"ማንም" አሉ ዘልማን ስተረጉምላቸው።

እማማ ይታይሽ ከሶፋው ላይ ትራስ አንሥተው አጠገባቸው ወለሉ ላይ አደረጉ። ዘልማን ትራሱን ያዩ አይመስለኝም፤ በእጃቸው ዳብሰው አገኙትና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ፋብሪካውም ቀረብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት እየተፈራረቀ ተቀመጠላቸው። ኦርና ስለ ኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ስትደውል "አሁን አልችልም፤ ልቅሶ ላይ ነኝ" አሏት፤ እሷም ቀኑን ገፋችው።

በተከፈተ ዕለት ዘልማን ከብርቱካኗ ጀምረው ግድግዳውን ተከትለው ሄዱ፤ አፍንጫቸው ሥዕሉን ሊነካ ምንም አይቀረው። እኔ ካርዱን አነብላቸዋለሁ፤ አያ ተገኘና እማማ ይታይሽ ከኋላ ይከተላሉ። ጥርን አለፍን፤ ሠርጉን አለፍን፤ መስከረምን አለፍን። የመጨረሻው ገጽ ዘንድ ስንደርስ አንድ ጢማም ጎልማሳ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ልጅነቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

"ስምንት ዓመቴ ነበር" አላቸው። "ለምን ገደልከው?"

ዘልማን እጃቸውን ከግድግዳው ላይ አነሡና የሰውየውን ትከሻ ያዙ።

"አልገደልኩትም" አሉት። "ታሞ ነው። ሳንባውን ነበር የሚያመው።"

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። "አላወቅሁም" አለ።